ከፎክስፕሮ መውጣት አይቻልም

ጅማ ላይ ኮምፒውተር ሲበላሽ ቀድሞ የሚታማው መብራት ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በአንድ የቡና መጋዘን ግን ያለ ጥፋቱ ነበር የታማው።

ወቅቱ የቡና ነው፤ ግቢው ጆንያ በጆንያ ሆኗል። የሚዛኑ መዝገብ የሚያዘው ቪዥዋል ፎክስፕሮ 9 በሚባል የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ መሥሪያ በተጻፈ ፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 እ.ኤ.አ. ድጋፉን አቁሟል፤ ፕሮግራሙን የጻፈውም ሰው ከተማውን ለቋል። ጠዋት ሲከፈት መዝገቡ ወይ እንቢ ይላል፣ ወይ የትናንት የመጨረሻ ሚዛኖች የሉበትም። ባለቤቱ «መብራቱ በላው» ብለው መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ትልቅ ዩፒኤስ ገዙ። ምንም ለውጥ የለም።

ፋይሉን ኮፒ አድርጌ ጥሬ ባይቱን አየሁት። ፎክስፕሮ መረጃ የሚያስቀምጥበት የዲቢኤፍ ፋይል፣ ሄደሩ (የፋይሉ መጀመሪያ) ላይ ስንት መዝገብ፣ ማለትም ስንት የሚዛን መስመር እንደያዘ ይጽፋል። ከፋይሉ መጠን ሄደሩን ቀንሼ ለአንድ መዝገብ ርዝመት ሳካፍል፣ ሄደሩ ከሚለው በለጠ። ጠፋ የተባለው ቡና በየፈረሱላው እዚያው ቁጭ ብሏል! ፎክስፕሮ ሄደሩን አምኖ አያየውም እንጂ።

መዝጋቢዋን «እትዬ፣ ማታ እንዴት ነው የሚዘጉት?» አልኳቸው። የመስኮቱን መዝጊያ ኤክስ ጫኑ። «ከቪዥዋል ፎክስፕሮ መውጣት አይቻልም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ አለ።

«አየህ፣ እንቢ ይለኛል። ባጃጅ ደግሞ አይጠብቀኝም።» ጣታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ዩፒኤሱ ማጥፊያ ሄደ።

«ኧረ ቆይ እትዬ!»

እሳቸው ምን ያድርጉ? ፕሮግራሙ «ሪድ ኢቨንትስ» በሚል ትእዛዝ የሰው ንክኪ እየጠበቀ ይቀመጣል፤ «ክሊር ኢቨንትስ» የሚል የመልቀቂያ ትእዛዝ እስኪሰጠው አይለቅም። ኮዱን ሁሉ ፈለግኩ፣ የትም የለም። መውጫ በር የሌለው ቤት ነው የተሠራላቸው። ፋይሉ ደግሞ ለብቻ ተይዞ ስለሚከፈት ሄደሩ የሚታደሰው ሲዘጋ ነው፤ በማጥፊያ ሲጠፋ የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ይቀራል።

ሰው ሊወጣ ሲል በሚሠራው «ኦን ሻትዳውን» ላይ አንድ ፕሮሲጀር (ትንሽ የትእዛዝ ስብስብ) አሰርኩ። ሲጠራ መጀመሪያ ራሱን «ኦን ሻትዳውን»ን ያጠፋል፤ አለዚያ የመውጫው ትእዛዝ «ክዊት» መልሶ እሱኑ ይጠራዋል። ቀጥሎ በ«ክሎዝ ኦል» ፋይሎቹን ይዘጋል፣ በ«ክሊር ኢቨንትስ» ይለቃል፣ በ«ክዊት» ይወጣል። መብራት የእውነት ለሚሄድበት ቀን ደግሞ ከእያንዳንዱ ሚዛን በኋላ መረጃውን ወዲያው ዲስክ ላይ የሚያስጽፍ «ፍላሽ ፎርስ» ጨመርኩ። ሄደሩን አርሜ ኢንዴክሱን (የመፈለጊያ ማውጫውን) እንደገና ሠራሁ፤ የተመለሱትን ሚዛኖች አቅራቢዎቹ እጅ ካለው ወረቀት ጋር አስተያየናቸው፣ ገጠሙ።

ባለቤቱ በአዲስ ፕሮግራም እናስቀይረው ወይ አሉኝ። ቡናው ይጫንና እንነጋገራለን አልኳቸው።