አፍዝ አደንግዝ መስሏት ነበር

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ ሲጀምር የእኔም ሆድ ይጀምር ነበር። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጤነኛ ሰው አንድ ወሬ ተጀምሮ ሳያልቅ የሚደረስበት። ለእኔ ግን መጀመሪያ ቁርጠቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ላቡ፣ ከዚያ «እዚሁ ቢያመልጠኝስ?» የሚለው ሐሳብ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ቤት በሌለበት ኩርባ ላይ ስንቴ እንደወረድኩ ረዳቶቹ ይቁጠሩት። አንዱማ «ብራዘር፣ እዚህ ገደል ውስጥ ማን ዘመድ አለህ?» ብሎኛል።

ሁለት ዓመት ተንከራተትኩ። አንዱ ክሊኒክ አሜባ አለ፣ ሌላው ታይፎይድ፣ ሌላው ጨጓራ። ስንት ጊዜ ፍላጂል እንደወሰድኩ እኔም ረስቼዋለሁ። በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ደሜንና ሰገራዬን አስመርምሮ፣ ኢንዶስኮፒም አሠርቶ፣ «አይቢኤስ ነው» አለኝ፤ የአንጀት መረበሽ ሕመም ማለት ነው። አንጀቴ ቁስል የለውም። ግን ትንሹን ነገር አጋኖ ይሰማዋል፣ ከአእምሮ ጋር የሚነጋገርበት መስመርም ተረብሿል። ከዚያ በፊት «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው» ሲሉኝ እናደድ ነበር። ሕመሙም እውነት ነው፣ ጭንቀቱም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን ይቀልባል።

ሂፕኖቴራፒ (በሂፕኖሲስ፣ ማለትም ሰውን በንግግር አረጋግቶ ሐሳቡን ወደ አንድ ነገር በመሰብሰብ ማከም) የሚለውን ቃል ያመጣችብኝ እንግሊዝ አገር ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ ናት። ሳቅሁባት። እኔ የማውቀው ሰዓት በሰንሰለት እያወዛወዘ ሰው የሚያስተኛውን የፊልም ሰውዬ ነው። እሷ ግን እዚያ ከተለመደ ቆይቷል አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 ማንቸስተር ላይ ፒተር ሆርዌል የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ሕክምና እምቢ ባላቸው 30 የአይቢኤስ ሕሙማን ላይ አጥንቶት ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቷል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ፣ 12 ወር መድኃኒት ወስዶ ላልተሻለው ሰው ከሚታሰቡት ሕክምናዎች ውስጥ አስገብቶታል። በእሷ በኩል እዚያው የምትሠራ ሐበሻ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ አገኘሁ። በቪዲዮ፣ በአማርኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ስምንት ጊዜ።

እናቴ ስትሰማ በረካውን እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠች። «አፍዝ አደንግዝ ነው እንዴ? ልጄ፣ አደንዝዘውህ እዚያው ብትቀርስ?» አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ «አላህ አፊያህን ይስጥህ» ብላ ረዥም ዱአ አደረገች። እውነቱን ለመናገር እኔም ውስጤ ያው ጥያቄ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሂፕኖሲስ የለም። ጥያቄ ብቻ። ሰገራህ ላይ ደም አይተሃል? ክብደትህ ቀንሷል? ሕመሙ ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል? ሌላው የማይሰማው ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ? የምርመራ ወረቀቶቼን ፎቶ አንስቼ ካልላክሁ አልጀምርም አለች ባለሙያዋ። ያኔ ነው ያመንኳት። ሳይጠይቅ ዓይንህን ጨፍን የሚል ሰው ቢገጥመኝ ዛሬ ጥዬው እሄዳለሁ።

ሆዴ የተበላሸው ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ነበር። ወደዚያ ሰሞን ትመልሰኝ እንደሆን ጠየቅኋት። እምቢ አለች። በሂፕኖሲስ ትዝታ ሲቆፈር ሰው ያልሆነውን ሆኗል ብሎ ሊያምን ይችላል፤ ለዚያ ቁስል የራሱ ሕክምና አለው አለችኝ። እኛ የያዝነው ሆድህን ነው፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ተደግፌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ትንፋሼን ትቆጥርልኛለች፣ ደረጃ ታስወርደኛለች። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲገባ እንዲሰማኝ ትነግረኛለች። ድምፅዋም፣ በጓሮ የምትጮኸው ዶሮም ይሰማኛል። ብቻ የዶሮዋ ጉዳይ እኔን አይመለከተኝም። ከዚያ አንጀትህን ቀስ ብሎ እንደሚፈስ ወንዝ አስበው አለችኝ። ደሴ ላደገ ሰው ወንዝ ማለት ቦርከና ነው። ክረምት ላይ ፌስታልና ፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸክሞ የሚወርደው ቦርከና መጣብኝ። በቀጥታ ሽንት ቤት ሮጥኩ።

ስመለስ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የሚያረጋጋህ ውኃ የት ነው አለችኝ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን ሐይቅ ከተማ አጎቴ ጋ ነበር የማሳልፈው። ማለዳ፣ ንፋስ ሳይነሣ፣ ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቶ፣ ዳር ላይ ብቻ ቄጠማውን ነካ እያደረገ። እሱን ያዝን። ሌላ ሰው ያመጣልህ ምስል እንደ ተውሶ ጫማ ነው፣ የሆነ ቦታ ይልጥሃል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ደረጃውን ወርጄ ሐይቁ ዳር ደርሼ ሳለ ኔትወርክ ጠፋ። ድምፅዋ ተቆረጠ። እናቴ የፈራችው ደረሰ ማለት ነው። ጥቂት ዝም ብዬ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ሰለቸኝና ዓይኔን ገለጥሁ። ይኸው ነው። ማንም እዚያ አይቀርም፤ ወይ ይነቃል፣ ወይ እንቅልፍ ወስዶት ሲበቃው ይነሣል። እንዲያውም ሂፕኖቲዝም የሚለውን ስም ያስለመደው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬይድ ቃሉን የወሰደው ከግሪኮቹ «እንቅልፍ» ነው። በኋላ እንቅልፍ አለመሆኑ ሲገባው ስሙን ሊለውጥ ሞከረ፣ ሰሚ ግን አላገኘም።

የተሳሳትኩት ልምምዱ ላይ ነው። በየቀኑ 20 ደቂቃ የምሰማው ቅጂ ልካልኝ ነበር። እኔ እንደ መርፌ አየሁት፤ እሷ ትወጋኛለች፣ እኔ እድናለሁ። ሁለት ሳምንት ዘለልኩ፣ ምንም ለውጥ የለም ብዬም አማረርኩ። «ጂም ከፍለህ ስላልሄድክ ጡንቻ አልወጣም ትላለህ?» አለችኝ። አፈርሁ። ከዚያ ወዲያ ሌሊት 11 ሰዓት፣ ቤቱ ሳይነሣ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ቁጭ እላለሁ።

ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ኮምቦልቻ ደርሼ «ወራጅ» ሳልል መምጣቴ ትዝ ያለኝ ቢሮ ገብቼ ነው። ቁርጠቱ ጨርሶ አልጠፋም። ወተት ካበዛሁ አሁንም ይነፋኛል፣ አሁንም በር አጠገብ መቀመጥ እወዳለሁ። ግን ሲመጣ እጄን ከጃኬቴ ሥር ሆዴ ላይ አደርጋለሁ፣ ሐይቁም ይመጣል። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ በግራ እጄ እሰጠዋለሁ፤ ብልግና ይመስለዋል መሰለኝ።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ እናቴ ጉልበቷን እያሸች ጠጋ አለችኝ። «ያቺ የምታስተኛዋ ልጅ፣ ለሪህ አታውቅም?» መጀመሪያ ጉልበትሽን ሐኪም ይየው አልኳት። «አብሽር፣ እሱንም እሄዳለሁ» አለች። «አንተ ብቻ ጠይቅልኝ።»