ጀግናው ምን ይቸግረዋል?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ብርዱ ለብቻው ነው። ጥቅምት አይደል፣ ጋቢ ደርቤም እግሬ አልሞቅ ይላል፣ ትላንት ማታ ደሞ መብራት ሄደ፣ በዛ ላይ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሲከፋኝ ነው የዋለው። እታለም ከመንዝ ደውላ ባቄላውን ውርጭ መታው ካለችኝ ወዲህ ነው መሰለኝ። ውርጭ የመታው ባቄላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ንጋት ላይ ቅጠሉ ነጭ ለብሶ ያምራል እኮ፣ ጉዱ የሚወጣው ፀሐይ ስትነካው ነው፣ የፈላ ውሃ እንደደፉበት ጥቁር ብሎ ጥውልግ ይላል፣ ረፋድ ላይ የአመት ልፋት አለቀ ማለት ነው።

እና ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያ የምታውቁት ልጅ ትዝ አለኝ፣ የምጽፈው ታሪክ ውስጥ ያለው፣ መንዝ የተወለደው፣ የሚበረው፣ ጥይት የማይበሳው። እሱ እዛ ማሳ ላይ ቢኖር በአይኑ ብቻ አገሩን ሁሉ አሙቆ ያሳድረው ነበር። በቃ፣ አንድ አረፍተ ነገር ነው። ውርጩም ሄደ፣ ታሪኩም አለቀ። ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ለሚወዱት ሰው ጉልበት በሰጡት ቁጥር የሚጽፉለት ነገር እያነሰ ይሄዳል።

የእህቴ ልጅ ሱፐርማን ሲከፈት ተነስቶ ይወጣል። «ያሸንፋላ፣ ምን ይታያል» ነው የሚለው። ስፓይደርማን ሲሆን ግን ጥፍሩን እየበላ ነው የሚያየው፣ ምክንያቱም ያኛው የቤት ኪራይ ይቸግረዋል፣ ይደበደባል፣ ይረፍድበታል። ልጁ ልክ ነው። ግን እኔ ሱፐርማንን እወደዋለሁ፣ ስለምወደው ነው የሚቆረቁረኝ።

ሲጀመር እኮ እንዲህ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ሲያወጡት መብረር እንኳን አይችልም፣ ይዘላል እንጂ፣ እሱም 200 ሜትር ገደማ ነው፣ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ደሞ ቆዳውን ሊበሳው ይችላል። ከዛ አንዱ ጸሐፊ መብረር ጨመረለት፣ ሌላው በአይን ማቃጠል፣ ሌላው በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ መመለስ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ማንም የማይችለው ሆነና አረፈው። ሲቸግራቸው ክሪፕቶናይት የሚባል የሚያደክመው ድንጋይ አመጡ፣ መጀመሪያ 1943 ላይ በሬዲዮ ድራማው ነው የገባው፣ ኮሚኩ ላይ 1949 ነው የደረሰው። ድንጋዩን ስታቀርበው ይደክማል፣ ስታርቀው ይበረታል። እኔ ግን ድንጋይ ያደከመው ሰው አያሳዝነኝም። 1986 ላይ ደሞ ጉልበቱን ቀንሰው እንደ አዲስ ጀመሩት፣ 1992 ላይ ከሱ የባሰ ጠላት ፈጥረው ገደሉት፣ በአመቱ ተመለሰ። ጠላቱን ማግዘፍ መንገድ አይመስለኝም፣ ዛሬ ተራራ የሚያነሳ ጠላት ካመጣህ ነገ ፕላኔት የሚያነሳ ልታመጣ ነው፣ መጨረሻ የለውም።

የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው። 1978 በወጣው ፊልም ላይ ያሳደገው አባቱ በልብ ድካም ድንገት ይሞትበታል፣ እና ቀብሩ ላይ ይሄ ሁሉ ጉልበት እያለኝ እሱን ግን ማዳን አልቻልኩም ይላል። እዛጋ ነው ሁሌ የምሰበረው። የሚመታ ጠላት የለም፣ የሚነሳ ድንጋይ የለም፣ አባት ነው የሞተው፣ በቃ።

እኛ ደሞ ገድል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፣ ይሄ ነገር እንግዳችን አይደለም። አያቴ የቡልጋውን ጻድቅ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል ስትሰማ ክንፍ ተሰጣቸው ሲባል እልል ትላለች፣ የምታለቅሰው ግን ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው ተሰበረ የሚለው ጋ ሲደርስ ነበር።

በታሪኬ ውስጥ ላለው ልጅ ምን ችግር እንደምሰጠው ብዙ አስቤያለሁ። አንዴ ሁለት ቦታ ይጠራ አልኩ፣ መሃል ሜዳ ከተማ ቤት ይቃጠል፣ ጣርማ በር ላይ ደሞ በጉም ውስጥ መኪና ይገልበጥ፣ የቱን ይምረጥ? ግን ፈጣን ነዋ፣ ሁለቱንም ይደርሳል፣ ፍጥነት ምርጫ የሚባለውን ነገር ሁሉ ያበላሸዋል። ስለዚህ ጉልበት የማይገባበት ነገር ያስፈልጋል፣ እና ትላንት ማታ ነው የመጣልኝ፣ እርቅ።

ሁለት ቤተሰብ በማሳ ድንበር ተጣልተው ሰው ሞተ እንበል። ደሙ እንዲደርቅ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ቄሱ መስቀል ይዘው መሃል ቆመዋል። ልጁ ሊያግዝ ይመጣል፣ ማንም ማንንም እንዳይነካ እኔ አለሁ ይላል። የሁለቱም ወገን ወንዶች እሱን ሲያዩ ወዲያው እንታረቃለን ይላሉ፣ መሳሪያቸውን ያስቀምጣሉ። አንዱ ሽማግሌ ግን ቀስ ብለው ይነሱና «ልጄ፣ ከዚህ ሂድልን» ይሉታል። «አንተን ፈርተው የታረቁ እንደሆነ አንተ ዞር ስትል ይጋደላሉ።» ይሄን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዶ ከመቆም ሌላ ምንም ማድረግ የማይችልበት ቦታ አገኘሁለት፣ ሄዶ መቆሙ ራሱ ነገር ሲያበላሽ።

ግን እዛ አላበቃም፣ የሟች እናት ቀሩ። እሳቸው ስለ ድንበሩም ስለ ገዳዩም አይጠይቁም፣ ልጁን ነው የሚከተሉት። አገር ሙሉ ሲጣራ እንደሚሰማ ያውቃሉ፣ የዛን ለታ ልጃቸው ሲጮህ እንዴት አልሰማም? አልሰማም፣ ምክንያቱም ተኝቶ ነበር። የሰው ሁሉ ጩኸት ሌት ተቀን ጆሮው ላይ ነው፣ ደክሞት አንድ ሌሊት ብቻ፣ እኔ ባልኖርም ይነጋል ብሎ፣ ጆሮውን ደፍኖ ተኛ። እናትየው ደረታቸውን ይዘው «አያ፣ የዛን ለታ ማታ የት ነበርክ?» ይሉታል፣ በልጃቸው እድሜ ቢሆንም ለክብሩ ብለው አያ ነው የሚሉት፣ እሱን ሳስበው ይብስብኛል።

ተኝቼ ነበር ብሎ ይንገራቸው? እንዲህ ያለ ሰው መተኛት ይችላል ወይ ራሱ? እኔ ይችላል ብዬ ነው የማምነው፣ ሰው ከሆነ ይደክመዋል፣ ግን ልጅ የሞተባት እናት ፊት ይሄን በምን አፉ ይናገራል? ጠዋት ከእታለም ጋ ሳወራ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት፣ ባቄላው አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስብሉታላችሁ?