ሞዴል 19 የማይቆርጥልኝ ጓደኛ

ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በግዥ ሠራተኛነት ከተቀጠርሁ ወዲህ ከሁሉ ይልቅ የቀረብሁት ሰው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን መሆናችን በወሎ እንደ ልዩ ነገር ስለማይወሳ አልፈዋለሁ፤ ዛሬም የሚገርመኝ ወዳጅነታችን በአንዲት ወረቀት ምክንያት ሊፈርስ መቃረቡ ነው።

ነገሩ የሆነው ጦሳ በጉም ተሸፍኖ በሚውልበት በ2015 ሰኔ መገባደጃ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ በእነዚያ ቀናት ግዥ ክፍል ውስጥ ምሳውን በወጉ የሚበላ ሰው የለም። ከአዲስ አበባ የተገዛው የጽሕፈት መሣሪያ ገና መንገድ ላይ ሳለ ክፍያው እንዳይስተጓጎል ብዬ፣ «ዕቃው ነገ ይገባል፤ ሞዴል 19 ዛሬ ቁረጥልኝ» አልሁት። ለማያውቅ ሰው፣ ሞዴል 19 ዕቃው ተቆጥሮ ግምጃ ቤት ለመግባቱ ማረጋገጫ የሚሆን ደረሰኝ ነው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ በዓይኔ ያላየሁትን ዕቃ ገባ ብዬ እንዴት ልፈርም?» አለኝና ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

ስንት ዓመት ከአቦል እስከ በረካ አብሮኝ የጠጣ ሰው አንዲት ፊርማ ነሳኝ ብዬ አኮረፍሁ። ዕቃው «ነገ» ያልሁት ቀርቶ ሐምሌ ውስጥ ገባ፤ ያውም አምስት ካርቶን ጎድሎ። ፈርሞልኝ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ የሚጠየቀው ከእሱ ነበር። ይህን እያወቅሁም ኩርፊያዬ አልበረደም፤ ብቻ ንዴቱ ወደ ኀፍረት ተለወጠ፤ ኀፍረት ደግሞ ከንዴት ይልቅ ሰውን ያርቃል።

መጋቢት 2 ቀን 2016፣ ሰኞ፣ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ፤ የቢሮው ስኒም ተደፍቶ ዋለ። ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝና፣ «ማታ ቤት መጥተህ አብረን እናፍጥር። ሳምቡሳው የምስር ነው፤ ሰበብ እንዳትፈጥር» አለኝ። ሄድሁ። ስለ ሰኔው ጉዳይ እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 26 ቀን የመጣውን ወረቀት ሲረከብ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አርባኛው ካርቶን ላይ ስልኬ ጮኾ ቁጥሩን ስላሳተው፣ ገላምጦኝ ከአንድ ጀመረ።