ጥርት ያለ ውሃ፣ የበለዘ ጥርስ

ክረምት ሊገባ ሲል አክስቴን ለመጠየቅ ወደ ዝዋይ ወርጄ ነበር። ስሙ ባቱ ከሆነ ቆይቷል፣ አክስቴ ግን ዛሬም ዝዋይ ነው የሚሉት። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። ቦኖው አምስት ደቂቃ አያስኬድም። እኛ ልጆች ሳለን አህያ ጭነን ሐይቁ ድረስ ነበር የምንወርደው፣ ስለዚህ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቦኖ ሲተከል ሰፈሩ በሙሉ እልል ብሎ ነው የተቀበለው።

ማታ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት የአክስቴ የልጅ ልጅ ሳቀች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሳቋ ሳያልቅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ጥርሷ በልዟል፤ ላዩ ላይ ቡናማ መስመር አለው። አክስቴ አይተውኝ ነው መሰለኝ፣ «የዚህ አገር ልጅ ጥርሱ እንዲህ ነው ልጄ፣ የዘር ነው» አሉኝ።

የዘር አይደለም። የውሃው ነው።

ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ነው። ውሃው መሬት ውስጥ በዚያ ድንጋይ መካከል ሲንሸራሸር ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ቢሆን ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር፣ የእኛ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ብዙ ቦታ ካልሲየሙ አነስተኛ ነው፣ ስለዚህ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕምም አይሰጥ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ገና ድድ ሥር እየተሠራ ያለውን የልጅ ጥርስ ያበላሻል፤ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ያለው ጊዜ ነው ወሳኙ። መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ላይ ይወጣል። ወንጂ ላይ የሸንኮራ እርሻው ሠራተኞች በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ያለው የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ኖረው፣ አንገትና ወገባቸው ደርቆ ጎብጠው የቀሩ ነበሩ። ሐኪሞች ይህንን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ያኔ የታወቀ ነገር ዛሬም «የዘር ነው» እየተባለ ልጅ ሲያድግበት ማየት ያንገበግባል።

በማግስቱ ናሙና ቀዳሁ። ለፍሎራይድ ሲሆን ከባድ አይደለም። ቦኖውን ለጥቂት ደቂቃ ለቀቅኩት፣ ንጹህ ሃይላንድ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩ፣ ሞልቼ ከደንኩት፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፍኩበት። ጠርሙስ አይመከርም፣ ፕላስቲክ ነው የሚሻለው። የጀርም ምርመራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሙቀት የጸዳ ዕቃ ይፈልጋል፣ በበረዶ ተይዞ ቢቻል በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በአንድ ቀን ውስጥ ላብራቶሪ መግባት አለበት። እሱን በሃይላንድ ይዛችሁ ብትሄዱ ውጤቱ አይታመንም።

አዲስ አበባ አስመረመርኩት። ከልኩ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ መጣ።

ከዚያ ስጠይቅ የሰማሁት ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጉድጓዱ ሲቆፈር ውሃው ተመርምሮ ነበር። ወረቀቱ አለ። አንድ ቢሮ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ለአክስቴ ግን ማንም አልነገራቸውም፣ ቦኖው ላይም የተጻፈ ነገር የለም። ውሃ ጠማቸው፣ ውሃ ተሰጣቸው፣ አለቀ። እኔ ውሃው ይዘጋ አልልም፣ ተዘግቶ ምን ሊጠጡ ነው? ግን ለመታጠብ፣ ለልብስ፣ ለከብት የሚሆን ውሃና ሕፃን የሚጠጣው ውሃ አንድ እንዳልሆነ የሚያውቁበት ቁጥር እዚያው ቦኖው ላይ በቀለም ቢጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተራርቀው ያሉ ሁለት ጉድጓዶች እንኳን ፍሎራይዳቸው በጣም ሊለያይ ይችላል፣ ስለዚህ የጎረቤት ቀበሌ ውጤት ለእኛ አይሠራም፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ለብቻው መታየት አለበት።

አክስቴ መጀመሪያ ያሉት «ታዲያ አፍልተን እንጠጣዋለን» ነው። ማፍላት ለተቅማጥና ለታይፎይድ ነው የሚበጀው። ፍሎራይዱን አያጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋርም ጀርም ነው የሚገድለው። ማጣሪያ አለ። የከብት አጥንት ከሰል ፍሎራይድ ይይዛል፣ በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራም አለ። ከሰሉ ግን ሲቆይ መያዙን ያቆማል፣ ስለዚህ እየለኩ መቀየር ግድ ነው። አጥንት ያለፈበትን ውሃ አልጠጣም የሚልም ብዙ ሰው አለ፣ ይህንን ሰው ሳያማክሩ ማጣሪያ አምጥቶ መትከል የትም አያደርስም።

እኛ ቤት ለጊዜው ያገኘነው መላ ዝናብ ነው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ከቆርቆሮው ጫፍ አሸንዳ አስገጠምን፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ እስኪወርድ ለቀቅነው፣ ከዚያ በርሜል ደቀንን። የልጆቹ መጠጥና ወጣቸው በእሱ ነው፣ እሱን አፍልተው ነው የሚያጠጧቸው። ሲያንስ ግማሽ በግማሽ ከቦኖው ጋር ይቀላቅላሉ፤ ፍሎራይዱ ልኩ ውስጥ ባይገባም በግማሽ ይቀንሳል። የትልቋ ጥርስ እንደሆነ ወጥቷል፣ አይመለስም። ታናሽ ወንድሟ ግን ሦስት ዓመቱ ነው።

ባለፈው እሑድ ስደውል አክስቴ የእሱን ጀሪካን እጀታ ላይ ቀይ ክር አስረውበታል። ጎረቤቶቻቸውም ክሩን እያዩ ምን እንደሆነ ይጠይቋቸዋል። ሃይላንዶቹን አጥቤ አስቀምጫለሁ፣ መስከረም ላይ የሌሎቹን ሦስት ጉድጓዶች ናሙና ልቀዳ እሄዳለሁ።