40 ሴንቲሜትር፣ ግን የት ላይ?

ባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ አልፕስ በረዶ የሚያወራ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? ለእኛ ግን እንጀራችን ነው። ቢሯችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም፤ በመስኮት ጣና ይታያል። ለአንድ የአውሮፓ የጉዞ ወኪል ደንበኞች በቻት መልስ እንሰጣለን። በበጋ ወራት የሚጽፉልን አብዛኞቹ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾች ናቸው። እነሱ በብርድ ሲንዘፈዘፉ እኛ ማራገቢያ ከፍተን «በረዶው እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንመልሳለን። ከመካከላችን በረዶ የረገጠ አንድም የለም።

ነገሩ የሆነው ከጥምቀት በኋላ ነው። አንድ የልጆች አባት ጻፈ። ቅዳሜና እሁድን ቤተሰቡን ይዞ ወደ አንድ የአልፕስ የበረዶ ሸርተቴ መንደር ሊሄድ ነው፤ በረዶ ይጥላል ወይ? ቻቱን የያዘችው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፤ ደንበኛ አታስጠብቅም። የበረዶ ትንበያ የምናይበትን አፕ ከፈተች። የቅዳሜው ሣጥን ውስጥ 40 ሴንቲሜትር ይላል። «አዎ፣ 40 ሴንቲሜትር ይጠበቃል። መልካም ጨዋታ!» ብላ ላከችለት። ሰውዬውም ወዲያው የሆቴሉን ከፈለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ መጣ። ጽሑፍ የለውም። አንዲት ትንሽ ልጅ ሙሉ የበረዶ ልብሷን ለብሳ፣ የራስ ቁሯን አጥልቃ፣ ቢጫ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ከእግሯ ሥር ያለው ሣር ነው። አረንጓዴ፣ የረጠበ ሣር። ጽሑፉ ትንሽ ቆይቶ ተከተለ፤ እሱን እዚህ ባልደግመው ይሻላል። በአጭሩ ገንዘቤን መልሱ ነው።

አስተባባሪያችን ነገሩን ቶሎ መዝጋት ፈለገ። «ትንበያው ተሳስቷል፣ ይቅርታ በሉትና ይለፍ» አለ። አልተዋጠልንም። አፑን መልሰን ከፈትነው። ከላይ በኩል ሦስት ቁልፎች አሉ፦ ታች፣ መሀል፣ ጫፍ። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያሳየው ጫፉን ነው። 40ው የተራራው ጫፍ ነበር፣ 2,400 ሜትር ላይ። ሆቴሉ ግን ያለው መንደሩ ውስጥ ነው፣ 1,100 ሜትር ላይ። «ታች» የሚለውን ስንነካው ለዚያው ቅዳሜ 0 ሴንቲሜትር ይላል። አጠገቡ የዝናብ ጠብታ ተስሏል። ትንበያው ምንም አልተሳሳተም።

ይሄ መቼም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ደጋና ቆላ እየለየን ነው ያደግነው። «የጎንደር አየር እንዴት ነው?» ተብሎ ለደባርቅና ለመተማ አንድ መልስ የሚሰጥ የለም። የበረዶ ሸርተቴ ቦታም የራሱ ደጋና ቆላ አለው። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩና ተጫዋቹን በገመድ ወደ ላይ በሚያወጣ አንድ ሊፍት ስለሚያያዙ ነው የሚያሳስቱት።

አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሴንቲሜትሩ በፊት መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፦ ዜሮ ዲግሪ የሚገኝበት ከፍታ። አፑ ላይ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። የዚያ ቅዳሜ 2,000 ሜትር ነበር። በረዶ ሞቅ ያለ አየር ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይቀልጥም፤ ከዚያ መስመር 200 ወይም 300 ሜትር ዝቅ ብሎም ሊደርስ ይችላል። ከ1,700 ሜትር በታች ግን ዝናብ ነው። መንደሩ ላይ ሂሳቡ ወደ 6 ዲግሪ ይመጣል። የፎቶዋ ትንሽ ልጅ ጃንጥላ መያዟ ልክ ነበር።

ሴንቲሜትሩ ራሱ ከየት እንደሚመጣም ያወቅነው ያን ሰሞን ነው። የትንበያው ስሌት መጀመሪያ የሚያወጣው ውሃ ነው። በተለምዶ 1 ሚሊሜትር ውሃ 1 ሴንቲሜትር በረዶ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ብርዱ ሲጠነክር ያው ውሃ ብን የሚል፣ ከፍ ብሎ የሚከመር በረዶ ይሆናል። ዜሮ አካባቢ ሲሆን ደግሞ ከባድና እርጥብ ይሆናል፤ ቁመቱም በግማሽ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ 40 የተባለው 25 ቢሆን የሚገርም ነገር የለውም።

«እሺ፣ ጫፍ ላይ ከጣለ ለምን ወደ ላይ ወጥተው አልተጫወቱም?» አለች አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ። ደህና ጥያቄ ነው። ፍንጩን ያገኘነው ከጋሼ ነው። ጋሼ ቱሪስት ወደ ዘጌ የሚያመላልሱ ጀልባ ነጂ ናቸው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከቢሯችን በታች ቡና ይጠጣሉ። ታሪኩን ስንነግራቸው ስለ በረዶው ምንም አላሉም።

«ነፋሱስ?» አሉ ብቻ።

እሳቸው ጠዋት ወጥተው ከሰዓት በፊት መመለስ ነው የሚወዱት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጣና ከሰዓት ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ ዝናብ ባይኖርም ጀልባው አይወጣም። ተመልሰን አየን። ጫፍ ላይ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ኃይለኛ ነፋስ ተተንብዮ ነበር። ሊፍቶቹም የተዘጉት በእሱ ነው። እሁድ ነፋሱ በረደ፣ ሰማዩም ተገለጠ። ግን ነፋስ እየገፋ የከመረው አዲስ በረዶ ለናዳ ይመቻል። የናዳው ማስጠንቀቂያ ከ5 ደረጃዎች 4ኛው ላይ ደርሶ ነበር። ሠራተኞቹ ናዳውን በፈንጂ አስቀድመው እስኪያወርዱት ድረስ የላይኛው ሜዳ አይከፈትም። ሰውዬው ከ40 ሴንቲሜትሩ አንዷንም ሳይረግጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የትንበያ ነገር ነው። «ወርዷል» ተብሎ የሚለጠፈውን ቁጥር ደግሞ እኔ በግሌ ከዚያ በባሰ እጠረጥራለሁ። ሁለት የአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች ራሳቸው የሚያወጡት የአዲስ በረዶ መጠን ቅዳሜና እሁድ ላይ ከሌላው ቀን በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የመንግሥት የአየር ጠባይ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። ሰማዩ የእረፍት ቀን አይለይማ! ተጫዋቾች በስልካቸው የየራሳቸውን መረጃ መለጠፍ ሲጀምሩ ግን ግነቱ ቀነሰ። እኔም ከዚያ ወዲህ ቦታው ላይ የተተከለው ካሜራ በዕለቱ የሚያሳየውን አስቀድማለሁ።

ለሰውዬው ከፊል ገንዘብ ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ ከፍታውንም ነፋሱንም እየለየን መመለስ ጀመርን፤ አስተባባሪያችን ግን አዲሱን የመልስ አሰጣጥ መጀመሪያ አልወደደውም። «ደንበኛ እያስፈራራችሁ ነው፤ አንድ ቁጥር ስጡትና ይምጣ» ይል ነበር። ሣሩን የሚያሳየውን ፎቶ ደግመን ስናሳየው ዝም አለ።

መጋቢት ላይ ያው ደንበኛ ተመልሶ ጻፈ። ጥያቄው አልተቀየረም፤ በረዶ ይጥላል ወይ? ቻቱን ልጅቱ ራሷ «የኔ ነው» ብላ ያዘችው። «መንደሩ ላይ ዝናብ ነው። በረዶው ከ1,600 ሜትር በላይ ነው የሚጀምረው። ቅዳሜ ጫፉ ላይ ነፋስ ስላለ ሊፍቱ ሊዘጋ ይችላል። እሁድ ይሻላል፤ የናዳውን ማስጠንቀቂያ ግን ጠዋት ይመልከቱ» ብላ ላከችለት። ሰውዬው የቅዳሜውን አዳር ሰርዞ ለእሁድ ብቻ መጣ። እሁድ ማታ አንድ ቃል ብቻ ላከ፤ አመሰግናለሁ። አስተባባሪያችን ግን የተሰረዘችውን የአንድ ሌሊት ኮሚሽን እስካሁን በየስብሰባው ያነሳታል።