ወንበሩን ትቼ ክፍተቱን ስስል

ሥዕል መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። አሁን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነኝ። አብራችሁኝ ለምትለፉ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ደረጃ መስመር ብቻ ነበር። ቀጥ ያለ፣ ክብ፣ ሞላላ። ይሰለቻል፤ አልዋሽም። ግን እርሳስ አያያዜ የተስተካከለው እዚያ ነው። እንደ ጽሕፈት በጣት ሳይሆን ከትከሻ መሳብን ስለምድ ረጅሙ መስመሬ መንቀጥቀጡን ተወ።

ከዚያ ወንበር መጣ። መምህራችን ተራ የእንጨት ወንበር መሃል ላይ አስቀመጡና "ሳሉት" አሉን። አራቱንም እግሮች እኩል አድርጌ ሳልኩ። ከተቀመጥኩበት ሲታዩ ግን የኋለኞቹ ከፊተኞቹ ያጥራሉ፣ ጫፋቸውም ከፍ ይላል። እኩል መሆናቸውን ስለማውቅ የማውቀውን ሳልኩ። ዓይኔን ማን ጠየቀው!

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወንበሩን መሳል ተከለከልን። በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ሳሉ ተባለ። ነገሩ ቀልድ መሰለኝ። ለካ ክፍተት ስም የለውም፤ "እንዲህ ነው የሚመስለው" ብዬ በቃሌ የያዝኩት ቅርጽም የለም። ስለዚህ ማየት ግድ ሆነብኝ። አንዱ ቀጭን ሦስት ማዕዘን፣ ሌላው እንደተጨፈለቀ ሳጥን። ክፍተቶቹን በከሰል አጥቁሬ ስጨርስ፣ ያልነካሁት ወንበር ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። እግሮቹም ልክ ነበሩ። ያን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም።

ጥላ ላይ ግን ተንገዳገድኩ። የጄሶ ኳስ፣ አንድ አምፖል፣ ሌላ ምንም የለም። ከጠረጴዛው ተንጸባርቆ ጥላው ውስጥ የሚገባውን ብርሃን በጣም አነጣሁት፤ ኳሱም ቆርቆሮ መሰለ። በላጲስ ስፍቅ ወረቀቱ ተቀደደ። ያዳነኝ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው። ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ብርሃኑና ጨለማው ብቻ ይቀራል። እንደዚያ ሳየው፣ ያ "ብርሃን" ያልኩት ለካ ከጥላው ወገን ነው።

አሁን ሰው እየሳልን ነው። የሚቆምልን ሞዴል አንዳንዱን አቋቋም ለ30 ሴኮንድ፣ አንዳንዱን ለ2 ደቂቃ ይይዛል። ዓይን የራስ ቅል አጋማሽ ላይ መሆኑን ሰምቼም ወደ ግንባር እሰቅለዋለሁ። እጅ ላይማ አታንሱብኝ። የሞዴሉን እጅ ኪሱ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ኪስ ባይኖረውም። መዳፉን እንደ ሳጥን አስቀምጪ፣ ጣቶቹ በኋላ ይደርሳሉ ተብያለሁ። እስካሁን ሳጥኑ አለ፤ ጣቶቹ ገና ናቸው። እናንተ ከየት ነው የምትጀምሩት?