የማይሰበረው ስልክ ቢሮ ቀረ

ሰባት ሚስድ ኮል። ሁሉም ከፎርማናችን። ስልኩ ላይ ጭረት የለም። ባትሪው 81 በመቶ ነው። ኔትወርኩም ሙሉ ነው። ስልኩ ቢሮ ነበር፣ እኔ ምድር ቤት።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ያኔ የያዝኩት ስልክ ቀጭን፣ ጀርባው መስታወት የሆነ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ሶለታ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብዬ ታች ያለውን ኮለን (ምሰሶ) ሳይ ሹልክ ብሎ ወጣ። አየር ላይ ሁለቴ ተገለባበጠና የፌሮ ክምር ላይ አረፈ። ስክሪኑ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ሦስት ወር ሙሉ ያነሳኋቸው የሥራ ፎቶዎች ግማሾቹ አብረውት ሄዱ። ኮፒ አላስቀመጥኩም ነበር፤ እሱ የራሴ ጥፋት ነው።

በንዴት ነው የሚቀጥለውን የመረጥኩት። ሌሊቱን ስልክ ሲደበደብ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሳይ አደርኩ። መኪና ይሄድበታል፣ በረዶ ውስጥ ይቀበራል፣ ሚስማር ይመቱበታል። እኔ ሚስማር በመዶሻ እንደምመታ ያን ሌሊት ትዝ አላለኝም። በሳምንቱ «ታንኩ» የምለውን ጠንካራ ስልክ ገዛሁ። ባትሪው 22,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ ክብደቱ 540 ግራም። ብዙ ሰው የሚይዘው ስልክ 200 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ኪሎ ተሸክሜ መዞሬ ያኔ አኮራኝ እንጂ አላሳሰበኝም።

ካርቶኑ ላይ አይፒ68፣ አይፒ69ኬ፣ ሚል-ስታንዳርድ 810ኤች የሚል ተደርድሯል። ምን ማለት እንደሆኑ ገብቶኝ አልነበረም፤ መብዛታቸው ብቻ በቃኝ። በኋላ ገንዘቡ ከወጣ ወዲያ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አይፒ ከሚለው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር አቧራ ነው። 6 ማለት ምንም አቧራ አይገባም። ሁለተኛው ውሃ ነው። 7 ከሆነ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። 8 ከሆነ ከዚያ የባሰውን ይችላል፣ ግን ጥልቀቱንና ደቂቃውን የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ የአንዱ 68 ከሌላው 68 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ፈተናው የሚካሄደው በንጹሕ ውሃ ነው። የሳሙና፣ የባሕር ወይም የሲሚንቶ ውሃ የለበትም። 69ኬ ደግሞ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ሲረጭበት የሚችል ማለት ነው። ስልኬን እንደ መኪና ላሳጥበው አስቤ አላውቅም። ግን ከፍዬበታለሁ።

810ኤች የአሜሪካ ጦር ዕቃዎቹን የሚፈትንበት መመሪያ ነው፤ ይሄኛው እትም የወጣው በፈረንጆች 2019 ነው። የመውደቅ ፈተናው ከ122 ሴንቲሜትር ከፍታ 26 ጊዜ መጣል ነው። ስድስቱ ገጾች፣ አሥራ ሁለቱ ጠርዞች፣ ስምንቱ ማዕዘኖች፣ ሲደመር 26። የሚወድቀው ብዙ ጊዜ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ኮምፔንሳቶ ላይ ነው፤ ኮንክሪቱ ከሥር ነው ያለው። 26ቱን ውድቀት ለአምስት ስልኮች ማከፋፈልም ይቻላል። ማኅተም የሚመታ የጦር መሥሪያ ቤት የለም። አምራቹ ራሱ ፈትኖ፣ ወይም ለላቦራቶሪ ከፍሎ አስፈትኖ ይጽፈዋል። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። እኛ ሳይትም ኮምፔንሳቶ ሞልቷል፤ የኔ ስልክ ግን መርጦ የሚወድቀው ፌሮ ጫፍ ላይ ነው።

ከታንኩ ጋር ኑሮ ተጀመረ። ሸሚዝ ኪስ አይሞከርም። ሱሪ ኪስ ከገባ ሱሪው ይወርዳል። ቀበቶ ላይ የሚታሰር ቦርሳ አደረግኩለት፤ መሰላል ስወጣ እየተንጓጓ ጉልበቴን ይመታኛል። አንድ ማታ ተኝቼ ሳነብ አፍንጫዬ ላይ ወደቀ። ስለዚያ ባናወራ ይሻላል። ፎርማናችን በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። መጀመሪያ ያዩት ቀን አገላብጠው መዘኑትና፦

«ኢንጂነር፣ ይሄን ብሎኬት የት ልትገጥመው ነው?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይሰበርም።»

«አይ፣ አይሰበርም። ማን ደፍሮት።»

ኪስ የማይገባ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ይውላል። መጀመሪያ ሻይ ስሄድ ነው ትቼው መሄድ የጀመርኩት። ቀጥሎ ስቶር ደርሼ እስክመለስ። ከዚያ «መጣሁ» ባልኩ ቁጥር ሆነ። ልማዱ መቼ እንደገባ እንኳ አላወቅኩም።

የዚያን ቀን የአራተኛ ፎቅ ሶለታ ልንሞላ ነው። የመጀመሪያው ሚክሰር ተራው 5 ሰዓት ተኩል ነበር። ረዳቴ እረፍት ላይ ነው። 4 ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የቧንቧ ማሳለፊያዎቹን ለማየት ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ግማሽ ሰዓት መስሎኝ ነበር። ከቧንቧ ሠራተኞቹ ጋር ክርክር ተነሳና ቆየሁ።

ሚክሰሩ 4 ሰዓት ላይ ከተፍ አለ። ኮንክሪት ደግሞ አይጠብቅም። ውሃና ሲሚንቶ ከተገናኙ ጀምሮ 90 ደቂቃ የተለመደው ገደብ ነው። ይሄኛው የተቀላቀለው 3 ሰዓት ከ35 ላይ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ስላምፑን፣ ማለትም ኮንክሪቱ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ፣ አይቼ ካልፈረምኩ ደግሞ አይፈስም። ፎርማኑ ደወሉ። ደግመው ደወሉ። አንድ ልጅ ላኩ፤ ልጁ ፎቅ ፎቁን ፈለገኝ። ምድር ቤት እሆናለሁ ብሎ ማን ያስባል? እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ቢሮ ውስጥ የሆነውን ጸሐፊያችን ናት የነገረችኝ። ስልኩ በነዘረ ቁጥር ከሥሩ ያሉትን የሲሚንቶ ደረሰኞች ይዞ ይንፏቀቃል። በሰባተኛው ጥሪ ጠርዙ ላይ ደረሰና ደረሰኞቹን እንደያዘ መሬት ወደቀ። እሷ ደንግጣ አነሳችው። ምንም አልሆነም። በአራት ወር ውስጥ የወደቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ከጠረጴዛ።

5 ሰዓት ከሩብ ላይ ብቅ ስል ሚክሰሩ ገንዳውን እያሽከረከረ ቆሟል። ሾፌሩ ትንሽ ውሃ እንጨምርበትና ይፍሰስ እያለ ነው። ፎርማኑ በሩ ላይ ቆመው አሻፈረኝ ብለዋል። ልክ ናቸው፤ ውሃ ከተጨመረበት ጥንካሬው ይወርዳል። የስላምፑን መለኪያ ሾጣጣ ሞልተን ስንገለብጠው ኮንክሪቱ ዝቅ የማለት ምልክት ብዙም አላሳየም። 7 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ተመለሰ፣ ሒሳቡ ግን በእኛ። ቀጥሎ የመጣው ሚክሰር እስኪስተካከል ሥራው ወደ ከሰዓት ገፋ፣ ሠራተኛው እስከ ማታ ቆየ፣ እኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀበልኩ።

ፎርማኑ አልጮሁብኝም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ያሉት ይሄን ብቻ ነው፦

«አይሰበርም ብለኸኝ አልነበር? አልተሰበረም እኮ።»

ያን ቀን ነው የእሳቸውን ስልክ ልብ ብዬ ያየሁት። ተራ ስልክ ነው። ወፍራም የጎማ ከቨር አለው፣ ጠርዙ ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ በፊቱ ሲወድቅ መሬቱን ቀድሞ የሚነካው ጎማው ነው። ላዩ ላይ መከላከያ መስታወት ተለጥፏል፣ ሲሰነጠቅ ይቀይሩታል። ከከቨሩ ቀዳዳ የወጣ ሲባጎ ጃኬታቸው ላይ ታስሯል። አራት ዓመት ይዘውታል። የሲባጎው ነገር ትንሽ አሳፈረኝ። የእኔ የመጀመሪያው ስልክ ከሶለታው ሲወድቅ ያስፈለገው ይሄው ነበር።

ቀጣዩን ስመርጥ ቪዲዮ አላየሁም። ሱቅ ውስጥ ስልኩን ሱሪ ኪሴ ከትቼ ቁጢጥ አልኩ። ሻጩ ግራ ገባው። ተነስቼ ደግሜ ቁጢጥ አልኩ። ከ250 ግራም በላይ የሆነውን ሁሉ መለስኩለት። ከዚያ የሥራ ጓንቴን አውጥቼ አጥልቄ ስክሪኑን ነካካሁ። ግማሾቹ ጭራሽ አይሰሙም። የቻርጅ ቀዳዳቸው በጎማ ክዳን የሚዘጋ ከሆነም ተውኳቸው። የታንኩ እንደዚያ ነበር። ክዳኑን ረስቶ ክፍት የተወ ሰው አይፒ68 አያድነውም፤ በየቀኑ የሚከፈት ጎማ ደግሞ አንድ ቀን ይበጠሳል። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ከውስጥ የታሸገ ስልክም አለ። ውሃ ከነካው እስኪደርቅ ቻርጅ አልቀበልም ይላል እንጂ አይሞትም።

ከሁሉም በላይ ያየሁት ካሜራውን ነው። ታንኩ በፀሐይ ደህና ያነሳል፤ ምሽት ላይ የተነሳ ፌሮ ግን ገንፎ ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ «ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት) በስንት በስንት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ያለን ማስረጃ ፎቶው ነው። ስለዚህ ከሱቁ ጨለም ያለውን ጥግ መርጬ የዕቃ መደርደሪያውን ፍርግርግ አነሳሁ። አጉልቼ ሽቦዎቹን ቆጠርኩ። የቆጠርኩት ልክ ከሆነ ስልኩ ያልፋል።

የሶፍትዌሩን ነገር የነገረኝ የቢሯችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሰውነታቸው አሥር ዓመት የሚቆይ ብዙ ጠንካራ ስልኮች ማሻሻያ ቶሎ ያቆማሉ። የታንኩ የደኅንነት ማሻሻያ ቀን ከገዛሁት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ጎግል ለድርጅቶች የሚመክራቸውን ስልኮች ዝርዝር ሲያወጣ ጠንካራዎቹን በ2018 ለብቻ ክፍል ሰጣቸው። ያኔ እዚያ ለመግባት የ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ይጠየቅ ነበር። ከዝርዝሩ ተነስቶ መፈለግ ሌሊት ሙሉ ቪዲዮ ከማየት ያሳጥራል።

በመጨረሻ የያዝኩት ሳምሰንግ ኤክስከቨር 6 ፕሮ ነው፤ የ2022 ስልክ፣ 235 ግራም። ባትሪው 4,050 ብቻ ነው፣ ግን ወጥቶ ይቀየራል። ትርፍ ባትሪ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ቀትር ላይ ቀይሬ እቀጥላለሁ። ጀርባው ስለሚከፈት ስዘጋው ዙሪያውን ጫን ጫን አደርገዋለሁ፤ አንድ ጥግ ክፍት ከቀረ ውሃ መከላከሉ ቀረ። ሲባጎም አስሬበታለሁ። ፎርማኑ ናቸው ቋጠሮውን ያሳዩኝ።

ታንኩ አልተጣለም። ስቶር በር ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ባትሪ ለሌላ ስልክ ያካፍላልና ምሳ ሰዓት ላይ የሳይቱ ሰው ሁሉ ኬብሉን ይዞ ይሰለፋል። ስቶር ኪፐሩ ተራ ያስይዛል። ባለፈው ሳምንት ፎርማኑም ተሰልፈው አገኘኋቸው።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ ብሎኬቱ?»

«ቦታውን አገኘ፣ ኢንጂነር» አሉና ኬብላቸውን ሰኩ።